ለልጅዎ ተጨማሪ ድጋፍ ሲጠይቁ

በመካነ ሰላምም ሆነ በማሻ ልጁ ተጨማሪ ድጋፍ የሚፈልግ ወላጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው አንገቱን ደፍቶ ነው። ለምን? ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ለተማሪው የሚስማማ ማስተካከያ እንዲደረግ ያዛል።

ርዕሰ መምህሩን «ልጄን እርዱልኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ከፊት መቀመጥ፣ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት፣ ጎላ ያለ ጽሑፍ፣ የምልክት ቋንቋ፤ የሚያስፈልገውን ለይታችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ቅጂውን ያዙ። መልስ ከጠፋ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው ትምህርት ቤት ቢያጡ አዲስ አበባ ላይ ጆይ ማዕከልን ከፈቱ። ከእያንዳንዱ እናት ይህን መጠበቅ ግን ግፍ ነው።

ጥያቄውን በምዝገባ ሰሞን አቅርቡ፤ ክፍልና መምህር ከተደለደለ በኋላ ማስተካከሉ ይከብዳል።