የልጅ ልጅን ለማየት ፍርድ ቤት

ዋሽንግተን ስቴት፣ ሾርላይን የሚኖሩ አንዲት እማማን እናስብ። ከአዲስ አበባ የመጡት የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ነው፤ አዝለው አስተኝተዋል፣ ገንፎ አጉርሰዋል። ልጃቸውና ምራታቸው ሲለያዩ ሕፃኗ ከእናቷ ጋር ሄደች። አሁን ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ሽማግሌ ተላከ፤ አልሆነም። ሕግስ ምን ይላል?

በዚህ ጉዳይ ዋሽንግተን ስቴት ስሟ የታወቀ ነው። ከሾርላይን በስተሰሜን ስካጂት ካውንቲ፣ ልጃቸው የሞተባቸው አያቶች፣ ትሮክስሎች፣ በ1993 የልጅ ልጆቻቸውን እናት ግራንቪልን ከሰሱ። ልብ በሉ፣ እናትየው «ጭራሽ አላሳይም» አላለችም፤ በወር አንዴ ይበቃል ነው ያለችው። የትሮክስልና የግራንቪል ክርክር የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደና በጁን 2000 እናትየው ረታች።

ከዚያ በኋላ የወጣው የ2018ቱ የስቴቱ ሕግ ለአያቶች በሩን ገርበብ አደረገው እንጂ አልበረገደውም። የወላጅ ውሳኔ ትክክል ነው ተብሎ ይገመታል። አያት፣ ልጁ 2 ዓመት ከሞላው፣ ቢያንስ 2 ዓመት የዘለቀ የጠበቀ ግንኙነት እንደነበራቸውና ክልከላው ልጁን ሊጎዳ እንደሚችል በጠንካራ ማስረጃ ማሳየት አለባቸው። ማመልከት የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የወላጅን የጠበቃ ወጪ አስቀድመው እንዲከፍሉም ሊታዘዙ ይችላሉ፤ ይሄ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎችን ከደጅ ይመልሳል።

ስለዚህ ቀላሉ መንገድ አባትየው ነው፤ ልጅቷ ከእሱ ጋር በምትሆንበት ቀን አያቷንም ታያለች። እሱ ካልተቻለ ግን ፎቶውም የክትባት ቀጠሮ ወረቀቱም የግንኙነቱ ማስረጃ ነውና አይጣል። ማመልከቻው በአብዛኛው የሚገባው ልጅቷ በምትኖርበት ካውንቲ ነው፦ ሾርላይን ካለች ኪንግ፣ ወደ ሊንዉድ ከተሻገረች ስኖሆሚሽ።