ያለፉትን 24 ሰዓቶች እንቁጠር
(ከመምህራን ለወላጆች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



እኛ መምህራን ዛሬ ስለ ቁጥር ልናወያያችሁ ተነሥተናል። የምንቆጥረው ግን የልጆቻችንን ጤና ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስተምረው፣ አንድ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ቀጭን ሰገራ ከወጣው ተቅማጥ ይዞታል። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ሰገራው ልል መሆኑ የተለመደ ነው፤ የእርሱ ምልክት ከወትሮው መብዛቱና መቅጠኑ ነው።

ብዙዎቻችን የምንቆጥረው በቀን ነው። ልጁን ሰኞ ከቀኑ በ10 ሰዓትና ከምሽቱ በ4 ሰዓት ቢያስቀምጠው፣ «ሁለት ጊዜ ብቻ ነው» ብለን እንተኛለን። ማክሰኞ ከጠዋቱ በ1 ሰዓት ሲደግመው፣ «ዛሬ ገና አንዴ ነው» እንላለን። ሌሊቱ ነጋ እንጂ ከልጁ የወጣው ውኃ አልተመለሰም። በ15 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜ አስቀምጦታል።

ታዲያ እንዴት እንቁጠር? የራሽን ሰልፍ እናስታውስ። አዲስ የመጣ ከኋላ ይቆማል፤ ቀድሞ የመጣ ከፊት ይወጣል። እኛም ልጁን ባስቀመጠው ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ከታች እንጻፍ። ከዚያም ከላይ ጀምረን 24 ሰዓት ያለፈውን እንሰርዝና የቀሩትን እንቁጠር። ማክሰኞ ከቀኑ በ11 ሰዓት እንደገና ቢያስቀምጠው፣ የሰኞው 10 ሰዓት ይሰረዛል፤ 3 ይቀራሉ። ሳንሰርዝ ብንደምር ግን ቁጥሩ ዘወትር ስለሚያድግ፣ ልጁ እየተሻለው መሆኑን አናውቅም። መጻፍ የማይችል ወላጅ ተማሪ ልጁን ያጽፍ።

ፈሳሽ መስጠት ከመጀመሪያው ጊዜ ይጀመር። ሕይወት አድኑን በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውኃ በጥብጠን፣ በትንሽ በትንሹ እናጠጣ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ጡትም ምግብም አናቋርጥ። ቁጥሩ 3 ከሞላ ወደ ክሊኒክ እንውሰደው። ሰገራው ደም ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከዛለ ግን ቁጥር ሳንጠብቅ ወዲያው ይዘነው እንሂድ።

ክሊኒክ ስንደርስ፣ «ስንት ጊዜ አስቀመጠው? ከመቼ ጀምሮ?» እንባላለን። «ብዙ ጊዜ» ከማለት ወረቀቱን እናሳይ።