ጣና ዳር ያየነውና የተማርነው



በዚህ በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን፣ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በጎርጎራ ያየነውን ልናካፍላችሁ ወደድን። የልደታ ልጆች ባሕር አይተን አናውቅምና፣ ከጎንደር ወደ ደቡብ ወርደን ጣናን ባየን ጊዜ ማዶው ጠፍቶብን ዝም ብለን ቆምን።

በመጀመሪያ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳለምን። ጣራዋ የሣር ክዳን ነው፤ የመቅደሷም ግድግዳ በጥንታዊ ሥዕል ተሸፍኗል። ከዚያም በጀልባ ወደ አሮጌው ጎርጎራ ሄደን፣ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ያሠሩትን የማርያም ግንብን ፍርስራሽ ጎበኘን። በኖራ የተጣበቀው ድንጋይ በአበባ ቅርጽ ተጠርቧል።

ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እንናገራለን። በ1541 በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የተመሩ 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች በምጽዋ ገቡ። ዳ ጋማ በ1542 ተገደለ፤ የቀሩት ግን በ1543 ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋራ ሆነው ኢማም አሕመድን ወይና ደጋ ላይ ድል አደረጉ። በ1603 የመጡት አባ ፔድሮ ፓኤዝ፣ በትውልዳቸው የስፔን ሰው፣ ቋንቋችንን ተምረው በትዕግሥት አስተማሩ፤ በ1622ም በዚሁ በጎርጎራ ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ጥንታዊውን ሥርዓት በትእዛዝ ለመለወጥ ስለ ተነሡ አገር ታወከ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። ንጉሡ በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

በፍርስራሹ ፊት በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን የፖርቱጋሎችን ጥበብ ስናደንቅ፣ ሌሎቻችን የፈሰሰውን ደም አስታወስን። ሃይማኖታችን ልዩ ልዩ ነውና ቃላችን እየከረረ ሄደ። መንገድ ያሳዩን አዛውንት ይህን ሰምተው፣ «ልጆቼ፣ ድንጋዩን የተሸከመው የማን አባት ይመስላችኋል?» አሉን። ሁላችንም አፍረን ዝም አልን። ወደ ጀልባው ስንመለስ የተጣሉት ጓደኞቻችን ጎን ለጎን ተቀመጡ።

እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ነንና ነገሩ ይነካናል። ዕውቀትን ከሩቅ አገር ሰው መቀበል ነውር አይደለም፤ እምነትን በግድ መጫን ግን በመልካም የተሠራውንም ያፈርሳል። የግንቡ ብዙው ክፍል ወድቋል፤ የቀረውም በጊዜ ካልተጠገነ ይወድቃል። ስለዚህ ከመካከላችን መሐንዲስ ወይም የታሪክ ሊቅ የሚሆን ቢገኝ፣ ያን የአባቶችን ሸክም እንዲያስብ አደራ እንላለን።