የተሰነጠቀ ገበቴ እንዴት ይጠገናል?

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከእናት ወይም ከአያት የተወረሰ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ጓዳ የተወረወረ ገበቴ በየቤቱ አለ። አንዳንዱም ተፈልጦ ማገዶ ሆኗል። ደህና የዋንዛ ገበቴ መተካት ደግሞ ቀላል ወጪ አይደለም። እንግዲህ መጥረቢያ ከማንሳታችን በፊት ነገሩን እንየው።

እንጨት ውሃ ሲያጣ ይኮማተራል። የሚኮማተረው በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው ማለት ይቻላል። ውሃውም ቶሎ የሚወጣው የእንጨቱ ሥር በተቆረጠባቸው በሁለቱ ጫፎች በኩል ነው። በእጅ የተፈለፈለም ሆነ በቶርኖ የወጣ ገበቴ ብዙውን ጊዜ ትይዩ በሆኑት ሁለት ጫፎች የሚሰነጠቀው ስለዚህ ነው። ታጥቦ ፀሐይ ላይ የተሰጣማ ምን ይባላል! ውጪው ደርቆ ሲጠብ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ታዲያ ምን ያድርግ፣ ይተረተራል።

ዋናው ነገር፣ ስንጥቅ ይንቀሳቀሳል። በየካቲት ጥፍር የሚያስገባው ስንጥቅ በነሐሴ ገጥሞ «ዳነ» ያሰኛል። አልዳነም። በክረምት ገጥሞ ሳለ ብታጣብቁት በበጋ ከኮላው አጠገብ ይቀደዳል። በበጋ አፉን ከፍቶ ሳለ በደረቅ ነገር ብትጠቀጥቁት ደግሞ በክረምት እንጨቱ ሲያብጥ ከመሙያው ጋር ይገፋፋል፣ ሌላ ስንጥቅ ይወልዳል። ስለዚህ ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሳይጠነክር ሥሩ። አስቀድሞ ገበቴውን ከምድጃና ከፀሐይ አርቃችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት አቆዩት፤ የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ምልክቱን አልፎ ከሄደ ገና ነው።

ፀጉር የምታህል ስንጥቅ በቀለጠ ሰም ትደፈናለች። ሰም ግን ስድሳ ዲግሪ አልፎ ጥቂት ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ትኩስ ነገር አይችልም። ስትገዙም ልብ በሉ፤ ስንጥቁ በሰም ተሸፍኖ የሚሸጥ ይኖራልና በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት።

ሰፋ ላለው ስንጥቅ ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ መሙላት የተለመደ ነው። ቅቤ የጠጣ እንጨት ኮላ አይቀበልም፤ አዲሱ እንጨት እስኪታይ በካርታ ቬትሮ ይፈተግ። ተራው ነጭ ኮላ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል። ኢፖክሲ ይጠነክራል፤ ሆኖም ለምግብ ዕቃ ይሆናል ተብሎ ካልተጻፈበት ሊጥ አታቡኩበት፣ ለእህል ይሁን።

እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉ የሚሻለው መስፋት ነው። በአሮጌ ገበቴ ላይ በጠፍር ወይም በሽቦ የተሰፋ ስንጥቅ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ስፌት እንጨቱን አፍኖ አይዝም፤ ሲያብጥም ሲጠብም አብሮት ይሄዳል። መጀመሪያ ስንጥቁ ያለቀበት ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብሱ፤ ወደፊት እንዳይሮጥ ታቆመዋለች። ከዚያ ግራና ቀኙን ከጠርዙ ራቅ አድርጋችሁ እየበሳችሁ ስፉት። የመዳብ ሽቦ ግን ኮምጣጣ ሊጥ ሲነካው መርዝነት ያለው ዝገት ያወጣል፤ የማይዝግ ሽቦ ፈልጉ።

በመጨረሻ ቀባ ይደረጋል። ቅቤ ይከረፋል፤ የተልባ ዘይት ግን በሳምንታት ውስጥ እንጨቱ ላይ ይደርቃል። ቀለም መሸጫ ያለው የተልባ ዘይት ማድረቂያ ሊጨመርበት ስለሚችል ለምግብ ዕቃ አይሁን። የቀባችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ እንዳትጥሉት። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።