በውጫሌ አገር ሁለተኛ የውጫሌ ውል አንፈልግም!

(ስለ በቆሎ አዝመራ ሐይቅ ከተማ ውስጥ በተደረገ ውይይት ላይ ያሰማሁት ንግግር)



እኔ የግብርና ባለሙያ አይደለሁም፤ ጋዜጠኛ ነኝ። «ታዲያ ስለ በቆሎ ምን አገባህ?» ብትሉኝ፣ የገበሬው ዕዳ ያገባኛል እላለሁ።

እዚሁ አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል»፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነበር። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ትርጉም! መዘዙም ዐድዋ አደረሰን። የበቆሎው «ፓኬጅ» ነገርም እንዲሁ ነው። ቢሮ ውስጥ ሲነበብ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ነው፤ ገበሬው ደጃፍ ሲደርስ ዕዳ ይሆናል።

እውነቱን መካድ አይገባም። ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በ1985 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ከባኮ የወጣው ቢኤች 660 ዲቃላ በቆሎ ጉድ የሚያሰኝ ምርት ሰጥቷል። መንግሥትም በ1987 ዓ.ም. ፓኬጁን በአገር ደረጃ ዘረጋው። ከዚያስ? በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ ሲትረፈረፍ ዋጋው ተንኮታኮተ። የማዳበሪያውን ብድር መመለስ ያቃተው ገበሬ በሬውን ነድቶ ገበያ አወጣ። ዓመት ሳይቆይ ዝናብ ቀረና አገሪቱ በ1995 ዓ.ም. እርዳታ ጠየቀች። ጥጋቡም ረሃቡም የጎዳው ያንኑ ገበሬ!

ጥፋቱ የዘሩ አይደለም። ቢኤች 660 ለመድረስ 160 ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ ዝናቡ ለሚረዝም አገር ይስማማል። የአምባሰል ቆላ ዝናብ ግን ነሐሴ ላይ ድንገት ቢያቋርጥስ? ለእንዲህ ያለው አገር ከመልካሳ የወጡ ቶሎ ደራሽ ዝርያዎች አሉ። ዲቃላውን በየዓመቱ መግዛት ግድ ነው፤ ዘሩን አስቀርተው ቢዘሩት ምርቱ ይወርዳል። መልካሳ 1 እና መልካሳ 2 ግን ዲቃላ ስላልሆኑ ገበሬው ዘር ማስቀረት ይችላል። ይህን ሳይፈርም በፊት ማን ይነግረዋል?

«ዘላቂ እርሻ» የሚባለውም ለወሎ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ፍግ መበተን፣ በበቆሎው መሐል ቦሎቄ መዝራት፣ ውሃ እንዲያቁር ትልሙን መገደብ፣ እነዚህ ሁሉ የሚቻሉ ናቸው። ነገር ግን ኩበቱ ምድጃ ውስጥ ከነደደ፣ አገዳውን ከብት ከበላው፣ ለአፈሩ ምን ተረፈው? የማገዶና የመኖ ችግር ሳይፈታ «አፈርህን መግብ» ማለት ፌዝ ነው።

ኧረ ሌላም አለ! «ማዳበሪያ ውሰድ፣ ውሰድ» ሲባል የኖረ የአማራ ገበሬ፣ በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ጮኸ። አስለመዱት፤ ሲለምድ ነሱት።

አዲስ ቴክኖሎጂ ማለት ትራክተርና ድሮን ብቻ አይደለም። አየር የማያስገባ ከረጢት ነቀዝን አፍኖ ይገድላል፤ ገበሬውም በቆሎውን ዋጋ እስኪወጣ ያቆያል። ግን ከረጢቱ ቢኖረውስ? ብድሩ ገና ከአውድማው ላይ ከተጠየቀ በርካሽ ከመሸጥ አይድንም።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ዝርያውን ገበሬው ራሱ ይምረጥ። የብድሩ ቀን ከገበያው ጋር ይስማማ። ዝናብ ሲቀር ኪሳራውን ገበሬው ብቻውን አይሸከም፤ አበዳሪውም ይካፈል። ውሉ ቢሮም ማሳም ላይ አንድ ትርጉም ይኑረው። አለዚያ ሁለተኛው የውጫሌ ውል ይሄው ነው፤ ልዩነቱ የፈረመው ንጉሥ ሳይሆን አንድ ጥማድ በሬ ያለው ገበሬ መሆኑ ነው።