አሠልጣኙ የሚያየው ክንድን ብቻ አይደለም
(ለሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ ሶፍትቦል ላጫውታችሁ ነው የመጣሁት። «ይሄ ደግሞ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉኝ ይሆናል። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ሶፍትቦል የቤዝቦል ዘመድ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ሴቶች ይጫወቱታል። የቡድኑ ምሰሶ «ፒቸር» የምትባለው ወርዋሪ ናት። 13 ሜትር ያህል ርቃ ለቆመች መቺ ክንዷን እንደ መንኮራኩር አዙራ ኳሷን ከታች ትለቃለች። ሞኒካ አቦት የተባለችው አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2012 በሰዓት 124 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ወርውራ ክብረ ወሰን ይዛ ነበር።

ታዲያ የኮሌጅ አሠልጣኞች ወርዋሪ ሲመለምሉ ፍጥነት ብቻ የሚያዩ ይመስላችኋል? አይደለም። ኳሷን ካሰበችበት ታሳርፋለች ወይ? ፈጣን አስመስላ ቀስ ያለ ኳስ በመልቀቅ መቺዋን ትሸውዳለች ወይ? ጠባይም አለ። ነጥብ ሲቆጠርባት ጓደኞቿ ላይ ፊቷን ታጠቁራለች ወይስ ትንፋሿን ሰብስባ ቀጣዩን ትወረውራለች? ደብተሯንም ያያሉ። በትልቁ የኮሌጆች ምድብ ከመጀመሪያው ዓመት ለመሰለፍ በሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ኮርሶችን ጨርሳ፣ ከ4 ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ማምጣት አለባት። አሠልጣኙም ደንብ አለበት፤ 11ኛ ክፍል በምትገባበት ዓመት ከሴፕቴምበር 1 በፊት ስለ ምልመላ ሊያነጋግራት አይፈቀድለትም።

አሁን ወደ እኛው ልመለስ። በማኅበራዊ ሠራተኝነቴ አንዲት ሯጭ ተማሪ አጋጥማኝ ነበር። «ውጭ አገር ኮሌጅ አስገባሻለሁ» ያላት ሰው በስንት ደቂቃ እንደምትሮጥ እንኳ አልጠየቃትም። ስለ ትምህርቷም አላነሳም። የጠየቃት ማታ ብቻዋን ሆቴል እንድትመጣ ነው። ግራ ቢገባት ለመምህርቷ ነገረቻት፤ በዚያው ተረፈች።

ልብ በሉ! እውነተኛ መልማይ የሚፈልገው ችሎታ፣ ጠባይና ትምህርት ነው። ገላ የሚጠይቅ ሰው መልማይ አይደለም። ለኤች አይ ቪና ላልተፈለገ እርግዝና የሚያጋልጥ አጥማጅ ነው። ወንዶችም ብትሆኑ ከዚህ ወጥመድ ነፃ አይደላችሁም።

ጉዳት የደረሰበት ካለ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ሳይውል ሳያድር፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ጤና ተቋም ከደረሰ ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት አለ።

እንግዲህ እግራችሁንም ደብተራችሁንም አጠንክሩ። ለብቻችሁ የሚጠራችሁ «መልማይ» ከመጣ ግን፣ ከመሄዳችሁ በፊት ለምታምኑት ሰው ንገሩ።