የወረዳ በጀትና የገበሬው ግብር

አቅራቢ 1፦ የወረዳ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ግን ግብሩን የሚከፍለው እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ነው። እህቴ፣ ሁለቱ የት ይገናኛሉ?

አቅራቢ 2፦ ወረዳዎች ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ከክልላቸው ጥቅል በጀት እየተቀበሉ ራሳቸው ይደለድላሉ። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደመወዝ ነው፤ የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ሠራተኛው። ለመንገድና ለውኃ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዓይን ሁሉ ወደ መሬት መጠቀሚያ ክፍያና ወደ እርሻ ገቢ ግብር ይዞራል።

አቅራቢ 1፦ እነሱ ደግሞ የሚተመኑት በይዞታ ስፋት ነው። በስማዳ ቆላ ዝናቡ ቀድሞ ሲቋረጥ ማሽላው ፍሬ ሳይዝ ይደርቃል፤ የመሬቱ ስፋት ግን ያው ነው።

አቅራቢ 2፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው ወንድሜ! ላይ ጋይንትና ስማዳ ሴፍቲኔት፣ ማለትም የምግብ እጥረት ላለበት ቤተሰብ የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ፣ ያለባቸው ወረዳዎች ናቸው። ከመንግሥት ስንዴ የሚጠብቅ አባወራ በግ ሸጦ ግብር ይከፍላል።

አቅራቢ 1፦ ገበሬው ከግብሩ ሌላ የሚከፍለው መዋጮስ?

አቅራቢ 2፦ መዋጮው ከግብሩ ተለይቶ በደረሰኝ ይጻፍለት። የወረዳው ምክር ቤትም በጀቱን ሲያጸድቅ የየቀበሌውን ድርሻ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ከፋዩ ነውና የመጠየቅ መብት አለው።